ሶፋ ቤት ጋር ወራጅ አለ

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልናዘዝ። ቢሾፍቱ ውስጥ አንድ ሰፈር ስሙ የተለወጠው በእኔ አውራ ጣት ነው። ጣቴን ብታዩት ብዙም አትፈርዱብኝም። ሃያ ዓመት ሙሉ መርፌ ሲወጋውና መዶሻ ሲያርፍበት የኖረ ጣት ስለሆነ ስልክ ላይ አንዱን ነገር ልንካ ሲል ሦስቱን ይነካል። ደግሞ እኮ የዚያን ዕለት በትክክል ነው የነካው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።

ሶፋ አዳሽ ነኝ። ጉርድ ሾላ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ሰማያዊ በር ያላት ሱቅ አለችኝ። ስፖንጁ የተኛ፣ ሞላው ከታች የሚወጋ፣ ድመት የቧጠጠው፣ ልጅ ወጥ የደፋበት፣ ሁሉም እኔ ጋ ይመጣል። ይመጣል ስል፣ ይመጣ ነበር ማለቴ ነው። መንገዱ ሲሰፋ ታፔላዬ ተነሳ፤ ደንበኞቼም አብረው የተነሱ ይመስል ሱቁ ጭር አለ። የሚገቡት መንገድ የጠፋባቸው ሰዎች ብቻ ሆኑ። እኔም ሥራ ስለሌለኝ እስከ መታጠፊያው ድረስ እየሸኘሁ አሳያቸው ጀመር። ባለቤቴ ትዕግሥት ይህን ስታይ ሰንብታ «ክረምቱ እስኪወጣ እንየው፤ ካልሆነ ትዘጋዋለህ» አለችኝ። ቀስ ብላ ነው የተናገረችው። እኔ ግን ከዚያች ሱቅ ሌላ የማውቀው ነገር የለኝም።

በዚህ መሀል ነው የትዕግሥት ታላቅ ወንድም ሰለሞን የደረሰልኝ። ሰለሞን ሥልጠና የሚባል ነገር አያመልጠውም። ኢንሹራንስ ሠልጥኗል፣ ንብ ማነብ ሠልጥኗል፣ ንቦቹ ትተውት ሲሄዱ ደግሞ ግጭት አፈታት ሠልጥኗል። አሁን ከአንድ ሆቴል አዳራሽ የሦስት ቀን ሥልጠና ጨርሶ፣ ባጁን ከአንገቱ ሳያወልቅ ሱቄ ገባ።

«ሎካል ሰርች ኦፕቲማይዜሽን» አለኝ።

«ይማርህ» አልኩት።

«አትቀልድ። ሰው ሶፋው ሲሰበር ማንን ይጠይቃል?»

«ጎረቤቱን።»

«እሱ ድሮ ነው! አሁን የሚጠይቀው ስልኩን ነው። ስልኩ ደግሞ የሚያሳየው ቅርብ ያለውን ነው። ጉርድ ሾላ ላይ ሶፋ ሠሪው ብዙ ነው፤ አንተን ማን ያይሃል? ገበያው ያለው ቢሾፍቱ ነው። ስንት ገስት ሀውስ፣ ስንት ሎጅ! እንግዳው ሁሉ ከዋና ወጥቶ በእርጥብ ቁምጣ ነው ሶፋ ላይ የሚቀመጠው። ስፖንጁ ስንት ወር ይቆያል?»

ይህች የስፖንጅ ነገር ልቤን ወሰደችው። እርጥብ ቁምጣ ስፖንጅን ምን እንደሚያደርገው ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

«እኔ እኮ ቢሾፍቱ የለሁም» አልኩት።

«ትኖራለህ» አለና ስልኩን አወጣ። «በስልኩ ካርታ ቢሾፍቱ ላይ ፒን፣ የሱቅህን ምልክት ማለት ነው፣ እንተክላለን። ሰው ሲፈልግ አንተ ትመጣለህ። ይደውልልሃል፤ አይሱዙ ልከህ ሶፋውን ታስመጣለህ፣ ሠርተህ ትመልሳለህ። ማን ያውቃል?»

መጀመሪያ ስሙን አስተካከለው። «ትዕግሥት ሶፋ» የነበረው ሱቅ «ምርጥ ሶፋ እድሳት ቢሾፍቱ ሶፋ ጥገና ቢሾፍቱ ቅርብ ሶፋ ሠሪ» ተባለ። ይህ ሁሉ ኪወርድ ነው፣ ሰው ሲፈልግ ስልኩ ላይ የሚጽፈው ቃል ነው አለኝ። ትዕግሥት የእሷ ስም መሰረዙን ስትሰማ ለሁለት ቀን ከወንድሟም ከእኔም ጋር አልተነጋገረችም። ቀጥሎ የቢሾፍቱን ካርታ ዘረጋልኝና ፒኑ የት ይሁን ብሎ ጠየቀኝ። ከሐይቁ ራቅ ብላ አንዲት አረንጓዴ ባዶ ቦታ ታየችኝ። ባዶ ከሆነ ማን ይቆጣል ብዬ አውራ ጣቴን አሳረፍኩባት። ሰው ጓሮ እንዳለው፣ ጓሮም ከላይ ሲያዩት ባዶ ቦታ እንደሚመስል ለምን እንዳልታሰበኝ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

«አሁን የቀረው ኮከብ ነው» አለ ሰለሞን። «ሰዎች ኮከብ ካልሰጡህ ወደ ላይ አትወጣም።»

ኮከብ የሚሰጠኝ ሰው ከእድሬ ሌላ ከየት አመጣለሁ? እሑድ ስብሰባው ሲያልቅ ተነስቼ፣ የሱቄ ነገር እንዲህ እንዲህ ሆኗልና ስልክ ያላችሁ ኮከብ ስጡኝ፣ ከልጆቻችሁም ጋር ሆናችሁ አንዳንድ ቃል ጻፉልኝ ብዬ ለመንኩ። እድርተኛ ሲለመን እምቢ አይልም። ሰኞ ጠዋት ስልኬን ስከፍት መዓት አስተያየት ተጽፏል። «ጨዋ ልጅ ነው፤ አባቱንም አውቃቸው ነበር» ይላል፤ አንድ ኮከብ። «ለቅሶ ላይ ቀድሞ የሚደርስ» ይላል፤ አንድ ኮከብ። «ድንኳን ሲተከል አይለግምም፤ ዕድሜና ጤና ይስጠው» ይላል፤ እሱም አንድ ኮከብ። ምን እንዳደረግኋቸው ጨነቀኝ። ወደ እድሩ ሊቀመንበር ወደ ጋሽ ደምሴ ሮጥኩ።

«ጋሽ ደምሴ፣ ምን በደልኩዎት?»

«ምን በደልከኝ? አንደኛ አወጣሁህ እንጂ!»

«ኮከብ እኮ ሙሉው አምስት ነው።»

«አምስተኛ?» አሉ መነጽራቸውን አውልቀው። «ልጆቼ አምስተኛ ሲወጡ ካርዳቸው ላይ አልፈርምም ነበር። አንተን ምን ብዬ አምስተኛ አደርግሃለሁ?»

ነገሩን ለማስረዳት ሁለት እሑድ ፈጀብኝ። አምስት ማለት ከአምስት አምስት ነው፣ ፈተና ላይ ሁሉን እንደመመለስ ነው እያልኩ፣ ጥቁር ሰሌዳ ብቻ ነበር የቀረኝ። በመጨረሻ ሁሉም አስተካከሉልኝ፤ ጋሽ ደምሴ ግን ቅር እያላቸው ነው። እኔም ቢሾፍቱ ውስጥ ሶፋ ለሚፈልግ ሰው ሁሉ ከላይ ብቅ የምል ሆንኩ።

አንድ ማክሰኞ ስልኬ ጮኸ። ወይዘሮ ሰናይት እባላለሁ፣ ገስት ሀውስ አለኝ አሉኝ። «ደርሻለሁ፤ በሩ ጋ ቆሜያለሁ።»

ደስታዬ ማሰቢያ አላስቀረልኝም። «ሰማያዊ በር ነው?» አልኳቸው።

«ሰማያዊ ነው።»

«አጠገቡ የስልክ እንጨት አለ?»

«አለ።»

«እንግዲያው እሱ ነው፤ ያንኳኩ!»

ተነስቼ ሸሚዜን እያስተካከልኩ በሬ ሥር ቆምኩ። ማንም አያንኳኳም። በስልኩ ውስጥ ግን ኳ ኳ ኳ ይሰማኛል። ብከፍተው ደጁ ላይ አንዲት ድመት ብቻ አለች።

«ተከፈተልኝ» አሉ ሴትየዋ።

«ማን ከፈተልዎት?»

«አንድ ካኪ የለበሱ ሽማግሌ ናቸው። ማን ላከሽ ይሉኛል። ሶፋው እኮ ከመኪናው ወርዷል፤ ሹፌሩም ሄዷል።»

ያን ጊዜ ነው የአውራ ጣቴ ነገር ትዝ ያለኝ። ወንድ የሆነ ሰው እዚያው እውነቱን ይናገር ነበር። እኔ ያደረግሁትን ልንገራችሁ፣ ስልኬን አጠፋሁ። ለአራት ቀን አጠፋሁ። ትዕግሥት ስትጠይቀኝ ባትሪው ሞቷል አልኳት።

ቅዳሜ ስከፍተው፣ እንደገና እስክዘጋው እንኳ ጊዜ ሳይሰጠኝ ጮኸ።

«ሻለቃ ታደሰ ነኝ። ከማክሰኞ እስከ ዓርብ ሦስት ሶፋና ሁለት ባለ መደገፊያ ወንበር ተረክቤያለሁ። አንድ ፍራሽም መጥቶ ነበር። ፍራሽ ትሠራለህ?»

«አልሠራም ጌታዬ።»

«እኔም ገምቼ መልሼዋለሁ። ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት እዚህ ትገኛለህ።»

ሰኞ ሰለሞንን ይዤ፣ ወይም እሱ እኔን ይዞ፣ ቢሾፍቱ ወረድን።  ሻለቃ ለፖሊስ ቢሰጡኝ ምን እላለሁ? የሌለሁበት ቦታ አለሁ ብዬ ጽፌያለሁ። ባጃጅ አስቁመን «ሻለቃ ታደሰ ቤት» አልነው።

«የት ነው እሱ?»

ሰለሞን በስልኩ ካርታውን አሳየው።

«ሶፋ ቤት ጋር በሉኛ!» አለ ባጃጁ፤ ወሰደን።

ሻለቃ ታደሰ በጡረታ የወጡ የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያ ናቸው። ካኪያቸው ተተኩሶ በምላጭ የተቆረጠ ነው የሚመስለው። ሶፋዎቹን በረንዳቸው ላይ በቁመት ደርድረው፣ ላስቲክ አልብሰው፣ በእያንዳንዱ ላይ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት በክር አስረውበታል። እኔ በሃያ ዓመት እንዲህ ያለ ሥርዓት ሱቄ ውስጥ አይቼ አላውቅም። ደብተራቸውን ገልጠው አነበቡልን።

«ቁጥር አንድ። ማክሰኞ፣ አራት ሰዓት ከሩብ። ባለ ሦስት መቀመጫ፣ የግራ እግሩ የላላ። ባለቤቷ ትነጫነጫለች፤ ነገር ግን ቅን ናት። ሻይ ጠጥታለች።»

«ለምን ተቀበሏቸው ሻለቃ?» አልኳቸው፤ እውነቴን ነው፣ አልገባኝም።

«ሰው ዕቃ ተሸክሞ በሬ ላይ ቆሞ ምን ልበለው?» አሉና ደብተሩን ዘጉ። «የሶፋው ነገር ቀላል ነው፤ ዛሬ ጭነህ ትሄዳለህ። ያስጠራሁህ ለሌላ ነው።»

ወንበር እንኳ ሳይሰጡን ነገሩን ተናገሩት። ሻለቃ ወደዚያ ሰፈር የገቡት ባዶ ሜዳ ሳለ ነው። ከጊዜ በኋላ ባጃጆቹ ያችን ማዕዘን «ሻለቃ ጋር» ይሏት ጀመር። ማንም አላዘዛቸውም። ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው «ሻለቃ ጋር ወራጅ» እያለ ሲወርድ፣ እርሳቸው አጥር ውስጥ ሆነው እየሰሙ አትክልታቸውን ሲያጠጡ ኖረዋል።

«መንግሥት መንገድ አልሰየመልኝም፤ እኔም አልጠየቅሁ» አሉ። «ያችን ስም የሰጠኝ ሕዝቡ ነው። አንተ በአንድ ሳምንት ሶፋ ቤት አደረግሃት።» የዘጉትን ደብተር ከፍተው እንደገና ዘጉት። «ከሦስት ሳምንት በኋላ የድሮ የሥራ ጓደኞቼ ለዓመታዊ ግብዣችን ይመጣሉ። በየዓመቱ ባጃጅ ይይዙና ሻለቃ ጋር ብለው ነው የሚመጡት። ዘንድሮ ባጃጁ አላውቀውም ካላቸው፣ አንተን ለሕግ አቀርብሃለሁ። ስሜን መልስ።»

እኔ እንግዲህ ፖሊሱን ስፈራ ነበር የመጣሁት። ያን ጊዜ ግን ከፍርሃቴ ይልቅ ሐፍረቴ በለጠ። ታፔላው የተነሳበትን ሰው ስሜት ከእኔ የበለጠ ማን ያውቀዋል? እመልሳለሁ ብዬ ማልኩ።

ፒኑን እዚያው ፊታቸው ነቅዬ ጉርድ ሾላ ተከልኩት። ከካርታው ለመንቀል የፈጀው ጊዜ ሻይ አያፈላም። በባጃጆቹ አፍ ላይ ግን ምንም አልተለወጠም። በሁለተኛው ሳምንት «ሻለቃ ታደሰ» የሚል ቆንጆ ታፔላ አሠርቼ ማዕዘኑ ላይ ተከልኩ። በማግስቱ አንዱ ባጃጅ ለተሳፋሪው «ሶፋ ቤት እኮ፣ ሻለቃ ታደሰ የሚል ታፔላ ያለበት» ሲለው በጆሮዬ ሰማሁ። ወደ ተራ አስከባሪው ሄጄ ለመንኩት።

«ጋሼ፣ ስም እኛ አናወጣም» አለኝ። «ተሳፋሪ ያለውን ነው የምንለው። አንተ ራስህ ከየት ነህ?»

«ከጉርድ ሾላ።»

«ሾላው አለ?»

 የተቆረጠው ሾላ የት እንደነበር አላውቅም፤ ሱቄን በከፈትኩ ጊዜም አልነበረም። ያም ሆኖ በቀን ስንቴ ስሙን እጠራለሁ።

ተስፋ ቆርጬ ለሰለሞን ነገርኩት። ሰለሞን ግን ዓይኑ በራ። «ተሳፋሪ ያለውን ነው የምንለው አለህ? ይሄ እኮ ራሱ ሰርች ነው! ብዙ ሰው ሻለቃ ጋር እያለ ከፈለገ፣ ሻለቃ ጋር ወደ ላይ ይወጣል። የሚያስፈልገን ብዙ ሰው ነው።»

ብዙ ሰው ያለኝ አንድ ቦታ ብቻ ነው። እሑድ እድሩ ፊት እንደገና ተነሳሁ። ጋሽ ደምሴ «ደግሞ ስንተኛ እንድናወጣህ ነው?» አሉኝ። ነገሩን አስረዳሁ። የአንድ ሽማግሌ ስም በእኔ ጥፋት እንደተወሰደ ስናገር ግን ጋሽ ደምሴ ተነሱና «ስምማ ይመለሳል፤ ይሄ ቀልድ አይደለም» አሉ።

ግብዣው ሊሆን አንድ ቀን ሲቀረው፣ ዓርብ ጠዋት፣ ሁለት ሚኒባስ ሙሉ እድርተኛ ቢሾፍቱ ገባ። ሻሽ ያሰሩ እናቶች፣ ከዘራ የያዙ አባቶች፣ ሁለት ሁለት እየሆኑ ባጃጅ ላይ ወጡ። አንዱ ከገበያው፣ አንዱ ከሐይቁ፣ አንዱ ከመናኸሪያው፣ ሁሉም «ሻለቃ ጋር!» ይላሉ። ወርደው ጥግ ይይዙና፣ ሌላ ባጃጅ ይዘው ይመለሳሉ፤ ከዚያ እንደገና «ሻለቃ ጋር!» ይላሉ። ወይዘሮ ብዙነሽ የተባሉ እናት ሹፌሩ «ሶፋ ቤት ነው?» ሲላቸው «ሶፋ ምናባቱ! ሻለቃ ነው የምልህ!» ብለው በከዘራ ኮርኩመውታል ተብሎ ተወራ፤ እርሳቸው ነካ ነው ያደረግሁት ይላሉ። ጋሽ ደምሴ አሥራ አንድ ጊዜ ተመላልሰው፣ አሥራ ሁለተኛው ላይ ሐይቁን አይተው በዚያው ቀሩ። ሰለሞን ማዕዘኑ ላይ ቆሞ «ራንክ እያደረግን ነው! ወደ ላይ እየወጣን ነው!» እያለ ይጮሃል።

ከሰዓት በኋላ የድካማችንን ፍሬ ለማየት አንድ ባጃጅ ውስጥ ገባሁ። ምንም ሳልናገር ሹፌሩ ገና ሲያየኝ «ሻለቃ ሶፋ ጋር ነህ አይደል?» አለኝ።

ሌላውን ጠየቅሁ። እሱም «ሻለቃ ሶፋ» አለ። ተራ አስከባሪው ከሩቅ «ሻለቃ ሶፋ፣ ሻለቃ ሶፋ፣ አንድ ሰው!» ሲል ሰማሁት። ሁለቱን ስም አጋብተዋቸዋል፤ መፋታት የለም። 

በማግስቱ በግብዣው ላይ ተገኝተህ ውጤቱን ታያለህ ብለው ሻለቃ ስላዘዙኝ፣ ተሠርተው ያለቁትን ሶፋዎች አስጭኜ፣ ንስሐ እንደሚገባ ሰው አጥሩ ሥር ቆምኩ። ሻለቃ ከራቫታቸውን አስረው በሩን ከፍተው ይጠብቃሉ። አምስት ሽማግሌዎች ከሁለት ባጃጅ ወረዱ። ከመውረዳቸው በፊት ሳቃቸው ደረሰ።

«ታደሰ!» አሉ ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት፤ ሌሎቹ ጋሽ መኮንን ይሏቸዋል። «ሻለቃ ጋር ስንለው ልጁ ምን አለን መሰለህ? ሻለቃ ሶፋ!»

አምስቱም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ሻለቃ ቀጥ ብለው እንደቆሙ ናቸው። ወደ እኔ ዞረው ሲያዩኝ ሱቄ፣ ትዕግሥትም፣ ክረምቱም ባንድ ጊዜ ፊቴ ላይ መጡብኝ። አበቃልኝ አልኩ።

ጋሽ መኮንን ዓይናቸውን ጠርገው የሻለቃን ትከሻ ያዙ። «እዚያ አውሮፕላን የምንጠግንበት ሃንጋር ውስጥ ሁላችንም ቅጽል ስም ነበረን» አሉ። «እኔ ቡሎን፣ ይሄ ጎማ፣ ያ ደግሞ ግሪስ። ለአንተ ግን ማን ደፍሮ ያወጣል? ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንፈራሃለን። ይኸው ባጃጅ ደፈረልን።»

 የሻለቃ ከንፈር ዳር ተንቀሳቀሰ፤ ሳቅ ነው ብዬ ለመማል አልደፍርም። «ግቡ፤ ምሳው ቀዘቀዘ» አሉ። ወደ እኔም ዞረው «አንተም ግባ። ሶፋዎቹን በቁጥራቸው ደርድር» አሉኝ። እንግዶቹ ምሳቸውን የበሉት ቁጥር አንድና ቁጥር ሁለት ላይ ተቀምጠው ነው። ጋሽ መኮንን ስፖንጁን ጫን ጫን እያደረጉ «ይሄን ማን ሠራው?» ሲሉ፣ ሻለቃ ወደ እኔ በጣታቸው አመለከቱ። ያን ቀን የበላሁት ምሳ እንዴት እንደጣመኝ ለትዕግሥት ደጋግሜ ነግሬአታለሁ።

ፒኑ ዛሬ ጉርድ ሾላ ነው። ስሙም «ትዕግሥት ሶፋ» ተብሎ ተመልሷል። ክረምቱ ወጥቷል፤ ሱቁም አልተዘጋም። ባለፈው ሐሙስ ስፖንጅ እየቆረጥኩ ሳለ ስልኬ ጮኸ፤ ቁጥሩን ሳላይ አነሳሁት።

«አንድ ባለ ሁለት መቀመጫ መጥቶልሃል። ሞላው ወጥቷል። ባለቤቱ ወሬኛ ነው፤ ሻይ ጠጥቷል። ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ትወስዳለህ።»

የባጃጅ ሞተር ስለሚንጣጣ ድምፁን አልለየሁትም። «ማን ልበል?» አልኩ።

«ሻለቃ» አሉኝ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ሰው እንዳይሰማቸው ይመስለኛል፣ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ሻለቃ ሶፋ።»